ከፊልሙ በፊት ሚዛን

በ1936 እ.ኤ.አ. ሂራም ስተድሊ የተባለ የክሊቭላንድ ሐኪም የጨጓራ አልሰር ኦፕሬሽን የተደረገላቸውን ሕሙማን መዝገብ አገላበጠ። ከኦፕሬሽኑ በፊት ከ20 በመቶ በላይ ክብደት ካጡት ከ3 አንዱ ሞቷል፤ ያን ያህል ካልከሱት ግን 3.5 በመቶ ብቻ። መሣሪያው ተራ ሚዛን ነበር።

በ1971 ለንደን ላይ የመጀመሪያው ታካሚ በሲቲ ስካን ታየ። ዛሬ ያው ምስል በሦስተኛው የወገብ አጥንት አኳያ የጡንቻን መመንመን ጭምር ያሳያል።

እኔ ሬዚደንት ሳለሁ አንድ አባት የጨጓራቸው መውጫ በዕጢ ተዘግቶ መጡ። ፊልሙን ተሻምተን አየን። ቀበቷቸው ላይ በምስማር የተበሳውን አዲስ ቀዳዳ ግን ልብ ያልነው የለም፤ ሚዛን ላይም አላወጣናቸውም። ኦፕሬሽኑ ተሳካ፤ ቁስሉ አልገጥም አለ፤ አረፉ።

ዛሬ ተማሪዎቼ ፊልም ሲያነሡ፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ክብደታቸው ስንት ነው?» እላለሁ። እናንተስ፣ ጓዶች?