የናፍጣ መኪና የጥላሸት ማጣሪያ ሲደፈን መወሰድ ያለበት እርምጃ

በናፍጣ የሚሠራ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የጥላሸት ማጣሪያ ምልክት ሲበራ ሞተሩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ማጣሪያው በጥላሸት እየተሞላ መሆኑንና ራሱን ለማጽዳት የሚያስችለው ጉዞ አለማግኘቱን ያመለክታል። ምልክቱ እንደታየ እርምጃ ከተወሰደ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጥገና ወጪ ይወገዳል፤ ከዘገየ ግን ባለንብረቱን ለከፍተኛ ወጪ ይዳርጋል። ይህ መረጃ የተዘጋጀው በተለይ በጉለሌ ክፍለ ከተማና አካባቢው ለሚኖሩ ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች ነው።

1. ማጣሪያው እንዴት ይሠራል?

በባለሙያዎች ዘንድ ዲፒኤፍ ተብሎ የሚጠራው ማጣሪያ በጭስ ማውጫው መስመር ላይ የሚገኝ፣ ደቃቅ ቀዳዳዎች ያሉት የሴራሚክ አካል ሲሆን ከጭሱ ጋር የሚወጣውን ጥላሸት ከ90 በመቶ በላይ ይይዛል። የያዘውንም ጥላሸት ጭሱ በበቂ ሁኔታ ሲግል ያቃጥለዋል። ሙቀቱ በቂ ካልሆነ የሞተሩ ኮምፒውተር ተጨማሪ ናፍጣ በመርጨት የማጣሪያውን ሙቀት ወደ 600 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ከፍ ያደርጋል። ከሞተር ዘይት የሚመጣው አመድ ግን ስለማይቃጠል በማጣሪያው ውስጥ ቀስ በቀስ ይከማቻል።

የአውሮፓ አምስተኛ ደረጃ የጭስ መመዘኛ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በአዳዲስ ሞዴሎች ላይ ተግባራዊ ሲሆን ማጣሪያው በናፍጣ አውቶሞቢሎች ላይ የተለመደ ሆኗል። በአገራችን የሚንቀሳቀሱ በርካታ የቆዩ የናፍጣ መኪናዎች ማጣሪያው የሌላቸው በመሆኑ በቅድሚያ የመኪናዎን መመሪያ መጽሐፍ ይመልከቱ።

2. በጉለሌ ቶሎ የሚደፈነው ለምንድን ነው?

ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ወይም ከአዲሱ ገበያ ወደ ፒያሳ የሚደረግ የዕለት ጉዞ አጭር ከመሆኑም በላይ በትራፊክ መጨናነቅ ይቆራረጣል። ሞተሩ ሳይግል መኪናው ይቆማል፤ የተጀመረው ጽዳትም ይቋረጣል። ቁልቁል በሚወረድበት ጊዜም ሞተሩ ጫና ስለማይኖርበት ጭሱ ይቀዘቅዛል። በሌላ በኩል ጉለሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ በመሆኑ አየሩ ከዝቅተኛ ቦታዎች ጋር ሲነጻጸር የሳሳ ነው። አየር ሲያንስ ናፍጣው በሚገባ ስለማይቃጠል የሚፈጠረው ጥላሸት ይጨምራል።

3. ምልክቱ ሲበራ ምን ይደረግ?

ሀ. የማጣሪያው ምልክት ብቻ ከበራና መኪናው ጉልበት ካላጣ፣ የሞተሩን ዘይትና በቂ ነዳጅ መኖሩን አረጋግጠው ሳያቋርጡ ይንዱ። ለአብዛኞቹ መኪናዎች በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ባላነሰ ፍጥነት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መንዳት በቂ ነው። የመኪናዎ መመሪያ መጽሐፍ የተለየ ነገር ካዘዘ እርሱን ይከተሉ።

ለ. ለጉለሌ ነዋሪ ቅርብ የሆነው አማራጭ ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ የእንጦጦን ተራራ አቋርጦ በሱሉልታ ወደ ጫንጮ የሚወስደው የጎጃም መንገድ ነው። ዳገቱ ሞተሩን ያግላል፤ ከሱሉልታ ከተማ ወዲያ ያለው ሜዳማ መንገድ ደግሞ ወጥ በሆነ ፍጥነት ለመንዳት ያመቻል። የፍጥነት ወሰንን ማክበር ግን ግዴታ ነው።

ሐ. በጽዳት ላይ ያለ መኪና ጭስ ማውጫ እጅግ ስለሚግል በደረቅ ሣር ወይም በረገፈ የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ አያቁሙ። ይህ ጥንቃቄ በእንጦጦ ደን አካባቢ በተለይ አስፈላጊ ነው።

መ. ምልክቱ ብልጭ ድርግም ካለ፣ የሞተር ምልክት አብሮ ከበራ ወይም መኪናው ጉልበት ካጣ በራስ ለማጽዳት መሞከር አይገባም። መኪናውን ወደ ጋራዥ ይውሰዱ።

4. በጋራዥ ምን ይጠይቁ?

ማጣሪያው ከመነካቱ በፊት የመደፈኑ መንስኤ በኮምፒውተር እንዲመረመር ይጠይቁ። የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር፣ ዘይት የሚያሳልፍ ቱርቦ፣ የተጣበቀ የኢጂአር ቫልቭ ወይም የተበላሸ የግፊት ሰንሰር ካልተስተካከለ የጸዳው ማጣሪያ መልሶ ይደፈናል። ጥላሸቱ በምርመራ መሣሪያ ታዝዞ እንዲቃጠል ሲደረግ ሥራው ከቤት ውጭ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ መከናወን አለበት። አመድ የሞላው ማጣሪያ ግን ተፈትቶ በተገቢው መሣሪያ መጽዳት ወይም መለወጥ ይኖርበታል። በኃይለኛ የውኃ ግፊት ወይም በአሲድ ማጠብ ሴራሚኩን ሊሰብረው ይችላል።

በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ስለሆነም የተሠራውን ሥራ የሚገልጽ ደረሰኝ ይቀበሉ።

5. ማጣሪያውን ማስወጣት መፍትሔ ነውን?

አይደለም። ውስጡን አስወጥቶ ኮምፒውተሩን ማታለል ምልክቱን ያጠፋል እንጂ የመደፈኑን መንስኤ አያስወግድም። ይያዝ የነበረው ጥላሸትም በመንገዱ ለሚሄዱ ተማሪዎች፣ ለእግረኞችና በመንገድ ዳር ለሚሠሩ ነጋዴዎች ይለቀቃል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ምድብ አስገብቶታል።

ያገለገለ መኪና የሚገዙ ዜጎች ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የጭስ ማውጫውን ጫፍ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ቢጠርጉ ጠቃሚ ነው። ማጣሪያ ሊኖረው የሚገባ መኪና ብዙ ጥቁር ጥላሸት ካሳየ ማጣሪያው ተሰብሮ ወይም ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል ከግዢው በፊት በባለሙያ ያስመርምሩ።

6. አስቀድሞ ለመከላከል

• አምራቹ ያዘዘውን፣ አመዱ አነስተኛ የሆነ የሞተር ዘይት ይጠቀሙ፤ በጊዜውም ይለውጡ።
• በዘይት መለኪያው ላይ ዘይቱ ከወሰኑ በላይ ጨምሮ ከታየ ናፍጣ ተቀላቅሎበት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ያስለውጡ።
• በጀሪካን ከሚሸጥ ናፍጣ ይቆጠቡ፤ ውኃ ወይም ኬሮሲን ሊቀላቀልበት ይችላል።
• በሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ ሳያቋርጡ ረዘም ያለ ጉዞ ያድርጉ።

በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ይደረግላቸዋል። ማጣሪያውን የቦሎ ማደሻ ጊዜ ከመድረሱ በፊት ማስመርመር ከመጉላላት ያድናል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ያሳወቀውን ውሳኔ ተከትሎ፣ በእጅ ያለውን መኪና በአግባቡ መያዝ ለባለንብረቱም ሆነ ለአካባቢው ነዋሪ የሚጠቅም ነው።