የጃቫ ጣፋጭ በጋሪቦች ማዕድ

«ጋሪባ» የሚለው ቃል ሥሩ ዐረብኛ ነው፤ እንግዳ፣ ባይተዋር እንደ ማለት። በባሌ ግን መንገደኛ ሁሉ ጋሪባ አይባልም። ጋሪባ ጫፉ እንደ ባላ የተከፈለ በትሩን ይዞ፣ ባሕሮ እያዜመ፣ ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን በእግሩ የሚጓዝ ተሳላሚ ነው። ስንቅ ብዙም አይሸከምም። በየመንገዱ ያለው ቤት ያበላዋል፣ ያሳድረዋል። የባሌና የአርሲ ሰው እንግዳ መቀበልን የተማረው ከጋሪባ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ሼክ ሁሴን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በባሌ ምድር እስልምናን ያስተማሩ ወሊይ ናቸው። በቆላው፣ ወደ ዋቢ ሸበሌ በኩል፣ በኖራ የነጡት ጉልላቶቻቸው ከሩቅ ይታያሉ። እ.ኤ.አ. ከ1783 እስከ 1794 ሐረርን የገዙት አሚር አብዱሸኩር በስፍራው እንዳሠሩ ይነገራል። አሜሪካዊው መንገደኛ ዶናልድሰን ስሚዝም በ1894 እዚያ ደርሶ ያየውን በመጽሐፉ አስፍሯል። የጉዞው ስም «ዚያራ» ነው። ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ፣ በጃቫ ደሴት ሕዝቡ እስልምናን አመጡልን የሚላቸውን የዘጠኙን ወሊዮች መቃብር ለመሳለም ሲወጣ ጉዞውን የሚጠራው በዚሁ ቃል መሆኑን ብዙ አንባቢ የሚያውቅ አይመስለኝም። እነርሱም «ዚያራ» ነው የሚሉት።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ስለ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ጣፋጭ ለመናገር ነው።

በአንድ የዐረፋ ሰሞን ከዚያራ የተመለሱ አራት እንግዶች ሮቤ ቤቴ አደሩ። የእህቴ ልጅ «አጎቴ፣ ከእራት በኋላ ያለውን ለእኔ ተዉልኝ» አለችኝ። ይህች ልጅ ጂዳ ውስጥ በሰው ቤት ስትሠራ ከአንዲት የጃቫ ሴት ጋር አንድ ማድቤት ተጋርታለች። የተመለሰችው በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታስወጣ ነበር። ከዚያ ዘመኗ አንሥታ የምታወራው ጥቂት ነው። ከጥቂቱ አንዱ ኮላክ ነው።

ኮላክ በኮኮናት ወተት የበሰለ ሙዝ ነው። በጃቫ በረመዳን ጾም የሚፈታበት ነው። ሙዝ ባይኖር በስኳር ድንች ወይም በዱባም ይሠራል። የእኛ ሙዝ የደሎ መና ነበር፤ የሐረናን ደን አልፎ፣ 4 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን የሰነቴን አምባ በጭነት መኪና ተሻግሮ ጎባ የሚወርደው። የኮኮናቱ ወተት በቆርቆሮ ከአዲስ አበባ መጣ። እነርሱ ፓንዳን የሚሉት መዓዛማ ቅጠል አላቸው፤ እኛ በምትኩ ቀረፋ ጣልን። ስኳራቸው ከዘንባባ ጭማቂ የሚነጠር ጥቁር ስኳር ነው። የእህቴ ልጅ የፋብሪካ ስኳር ጥቂት አድርጋ፣ የቀረውን በሐረና ማር ተካችው፤ ማሩን ግን ከእሳት ካወረደችው በኋላ ነው የጨመረችው። ጨው ቆንጠር ታደርግበታለች። ወተቱ ከተንተከተከ ቅባቱና ውሃው ስለሚለያይ እሳቱን ዝቅ አድርጋ አጠገቡ ትቆማለች። ሙዙ እንዳይላላ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ ማንኪያውን ይዘው ጥቂት አመነቱ። «ልጄ፣ ይህ የማን አገር ምግብ ነው?» አሏት።

«የጃቫ ነው፣ አባባ።»

ቀመሱና «እሱም ጋሪባ ነዋ!» አሉ።

ነገሩን እያሰላሰልኩት ስመጣ ሽማግሌው ካሰቡት በላይ እውነት ተናግረዋል። ሙዝና ሸንኮራ አገዳ መጀመሪያ ለማዳ የሆኑት በኒው ጊኒና በአካባቢዋ ደሴቶች ነው፤ ሙዙ ከ6 ሺህ ዓመት በላይ ይሆነዋል። በታንኳ ሕንድ ውቅያኖስን ያቋረጡ የደሴቶቹ ሰዎች ማዳጋስካር ድረስ መጥተው ሰፍረዋል፤ የማዳጋስካር ቋንቋ የቅርብ ዘመዱ ዛሬም ቦርንዮ ላይ የሚነገር ነው። እኛ «ሙዝ» የምንለው የዐረቡን «መውዝ» ወስደን ነው። የሲዳማና የጉራጌ ጓሮ እንሰት ግን የዚያው የሙዝ ዘመድ ሆኖ የኛው ተወላጅ ነው። ስለዚህ ሙዝ አገራችን ሲገባ የገባው ዘመዱ ወዳለበት ቤት ነበር።

የስኳሩ ታሪክ ከዚህ ይቀርባል፤ ያን ያህልም አይጣፍጥም። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ሀብቱን ያፈራው በጃቫና በሱማትራ እርሻዎች ነው። ኢንዶኔዥያ ነጻ ስትወጣ የዚያ ዘመን ማብቂያ ታየውና ሌላ አገር ፈለገ። በ1943 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ በመጋቢት 1946 የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ተመረቀ። ጃቫ ላይ የተለመደው የአገዳ እርሻ ሥራ አዋሽ ዳር መጣ ማለት ነው። በ1962 መተሐራ ሲከተል ከረዩዎች ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበትን የአዋሽ ዳር ግጦሽ አጡ። በ1967 ደርግ ፋብሪካዎቹን ሲወርስ ግጦሹ ለከረዩ አልተመለሰም። ስኳርን ዝም ብለው «ልማት» ብቻ የሚሉ ሰዎች ይህንንም ቢያነሡት ደግ ነበር።

እኛስ ለጃቫ ምን ሰጠን? ቡና። ሆላንዶች በ1690ዎቹ እ.ኤ.አ. የቡና ችግኝ ከሕንድ ጠረፍ ወደ ጃቫ ወሰዱ፤ ወደ ሕንድ የገባው ከየመን፣ ወደ የመን ደግሞ ከእኛ ደን ነው። በ1706 ከጃቫ አንድ ችግኝ አምስተርዳም ተላከ፤ የላቲን አሜሪካ ቡና አብዛኛው ዘሩ ከዚያ ይቆጠራል። ቡናው ለጃቫ ገበሬ በረከት ብቻ አልነበረም። ከ1830 ጀምሮ የሆላንድ መንግሥት ገበሬው ለራሱ ምግብ ከማምረት ይልቅ ቡናና አገዳ ለመንግሥት እንዲያለማ ያስገድደው ነበር። የዱር ቡናው ግን እዚሁ ሐረና ደን ውስጥ ዛሬም በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል።

ያን ምሽት ከኮላኩ በኋላ ቡና ቀላ ቀረበ። ኮላክን የማያውቅ የባሌ ሰው ብዙ ነው፤ ቡና ቀላን የማያውቅ ግን የለም። «ቀላ» በኦሮምኛ ማረድ ነው። የቡናው ፍሬ ከነገለፈቱ ጫፉ ይነከሳል፤ ይህም እንደ እርድ ይቆጠራል። ከዚያ በቅቤ ይጠበሳል፣ ይመረቅበታል፣ ለእንግዳ ይታደላል። እንዲያው ለነገሩ፣ ቡናም ፍሬ ነውና፣ ይህ ለእንግዳ የሚቀርብ የፍራፍሬ ምግብ መሆኑ ነው፤ ከየትኛውም የስኒ ቡና የሚቀድም።

ሽማግሌው በቅቤ የራሰውን ፍሬ በመዳፋቸው ይዘው «ይኸንንስ እነዚያ ያውቁታል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ቡናውን ያውቁታል፤ ቅቤውን ግን አልወሰዱም» አልኳቸው።

ሳቁና መዳፋቸውን በድጋሚ ዘረጉ።