የቤት ወለልና የገበያ ዋጋው

ስለ ቤት አሠራር ታሪክ የተጻፈውን ብንመለከት አብዛኛው ስለ ጣሪያና ስለ ግድግዳ የሚናገር ነው። ጎጆው በሣር መከደኑ፣ ቆርቆሮ መምጣቱ፣ ግንብ በኖራ መሠራቱ በየመጽሐፉ ይገኛል። ሕፃን ድክ ድክ ማለት የሚማርበት፣ እንግዳ ጫማውን አራግፎ የሚረግጠው ወለል ግን እምብዛም አይነሣም። ዛሬ ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው ገና በሩን እንዳለፈ የሚያየው ወለሉን በመሆኑ፣ ወለል እንዴት ዋጋ ሊያወጣ እንደቻለ መመርመር ለታሪክ ተማሪ አይበዛበትም።

በአክሱም አጠገብ በሚገኘው በዱንጉር ፍርስራሽ የመኳንንቱ ክፍሎች በጥርብ ድንጋይ የተነጠፉ እንደነበሩ ይታያል። የባላገሩ ቤት ግን በእበት የተለቀለቀ መሬት ነበር፤ በብዙ ቦታ ዛሬም ያው ነው። እበት ከጭቃ ጋር ሲቀላቀል በውስጡ ያለው የሣር ጭረት አፈሩን ስለሚያያይዘው አቧራ አይነሣም፣ መሬቱም ቶሎ አይሰነጠቅም። ሥራው የሴቶች ሲሆን በየጊዜው መታደስ ነበረበት። ለበዓል ደግሞ ቄጠማ ይጎዘጎዝበታል። እንዲህ ያለውን ወለል አይቶ የቤት ዋጋ የሚጨምር ሰው አልነበረም፤ ዋናው ሀብት ርስቱ እንጂ ቤቱ አልነበረምና።

አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በ1880ዎቹ ዓመታት የገባው ባሕር ዛፍ በቅሎ እንጨት ሲገኝ፣ ባለጸጎች ከድንጋይ መሠረት ከፍ ብሎ የተሠራ የጣውላ ወለል ያሠሩ ጀመር። በ1898 ዓ.ም. የተሠራው የጣይቱ ሆቴል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በጥር 2007 ዓ.ም. ቃጠሎ ጉዳት ቢያደርስበትም ከነደረጃው የእንጨቱ ዘመን ምስክር ሆኖ ቆይቷል። የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ከባሕር ማዶ የሚመጣ የሕንፃ ዕቃ በቀላሉ ይገባ ጀመር። ከጣሊያኖች ጋር ደግሞ አንድ ቃል መጣ፤ በሲሚንቶ ተለስኖ የለሰለሰውን ወለል «ሊሾ» የምንለው ከቋንቋቸው ነው፤ ትርጉሙም ለስላሳ ማለት ነው። ተማሪዎች ከየአያቶቻቸው ዘንድ ሄደው «በልጅነትዎ የቤታችሁ ወለል ምን ነበር?» ብለው ቢጠይቁ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሦስት ትውልድ ታሪክ ይዘው ይመለሳሉ።

ወለል የገበያ ነገር መሆን በጀመረበት ጊዜ ገበያው ራሱ ተዘጋ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተወሰነ፤ እስከ 300 ብር የሚደርሰው የቤት ኪራይ ተቀነሰ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ቤቶች ቀበሌዎች እንዲያስተዳድሩ ተደረገ። ኪራይ ከብዶት የነበረው ድሀ ተነፈሰ፤ ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም ከዚያ በኋላ የወለሉ ባለቤት ማን ነው? ተከራዩ የራሱ ስላልሆነ አያድሰውም፤ የተሰበሰበውም ኪራይ ለጥገና የሚበቃ አልነበረም። ጣውላው ሲበሰብስ ብዙ ቤተሰብ በላዩ ላይ የፕላስቲክ ምንጣፍ አንጥፎ ዓመታት አሳለፈ። የታሪክ መምህር አዋጁን ሲያስተምር ፍትሑንና ብስባሹን አብሮ ቢያሳይ መልካም ነው፤ አንዱን ብቻ ማሳየት ግማሽ ትምህርት ነው።

በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ በኋላ፣ በተለይም ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ፣ የቤት ሽያጭ እንደገና ተነቃቃ፤ ደላላም ተመለሰ።

ጎረቤታችን ካርቱም ሌላ መንገድ ሄደች። በዚያ ሙቀትና ምስጥ ስላለ የእንጨት ወለል አልተለመደም፤ በጭቃ ቤት ውስጥ አሸዋ ወይም ጡብ፣ በተሻለው ቤት ደግሞ «ባላጥ» የሚሉት ንጣፍ ይደረጋል። በጥቁር ዓባይ ዳር ያለው የአል-ማንሺያ ሠፈር የባለጸጎች ነው። ሐሰን አል-ቱራቢ ይኖሩበት ስለነበር፣ በ1992 ዓ.ም. ከፕሬዚዳንት አል-በሽር ጋር በተለያዩ ጊዜ ሱዳኖች ክፍፍሉን «ቤተ መንግሥቱና ማንሺያ» ብለው ጠሩት። ሱዳን ነዳጅ ለውጭ መሸጥ ከጀመረች በኋላ በካርቱም የሕንፃ ሥራ በረታ፤ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክና እብነ በረድም የሀብት ምልክት ሆነ። ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ባለፈ ቁጥር ያንን ወለል ጎንበስ ብለው ከሚወለውሉት መካከል ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያትና ኤርትራውያት ነበሩ። ስለ ካርቱም ቤቶች ወለል ቢጠየቁ ከባለቤቶቹ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ተነሥቶ ባለቤቱም ሠራተኛዋም ሲሰደዱ፣ ከተማው ተዘረፈ፤ በግድግዳ ውስጥ ያለው የመዳብ ሽቦ ሳይቀር ተመዘዘ። በዚያን ጊዜ የቤቱ የሽያጭ ዋጋ በወለሉ ማማር አልነበረም።

አሁን በአዲስ አበባ የተስፋፋው ላሚኔት ዕድሜው አጭር ነው። ፔርስቶርፕ የተባለው የስዊድን ኩባንያ የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1977 ሲሆን፣ ያለ ማጣበቂያ እርስ በርሱ የሚቆላለፈው ዓይነት የመጣው ደግሞ በ1990ዎቹ ነው። ከሩቅ እንጨት ይመስላል። በእውነቱ ግን ከእንጨት ፋይበር የተጨመቀ ሰሌዳ ላይ የእንጨት ፎቶግራፍ የታተመበት ወረቀት ተለጥፎ፣ ከላዩ ጠንካራ ግልጽ ሽፋን የተደረገበት ነው። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ወለላቸው ሳይጨርስ ለባለዕድሉ ስለሚሰጡ፣ ወለል የእያንዳንዱ ቤተሰብ ጉዳይ ሆነ። በጥቂት ቀን ውስጥ ተነጥፎ ቤቱን አዲስ የሚያስመስል በመሆኑ ሻጭ ቢመርጠው አይፈረድበትም። መኝታ ቤትና ሳሎን ላይ፣ ሥሩ ደረቅና የተስተካከለ ከሆነ፣ ዋጋውን ይመልሳል። የተሰነጠቀ ሊሾ ወይም እርጥበት ለመሸፈን ከተነጠፈ ግን ማታለል ነው፤ ገዢው በመታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ ጠርዙ ያበጠ መሆኑን ቢያይ፣ ሲረገጥም ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ቦታ ልብ ቢል ይደርስበታል።

የኛ ኑሮና ይህ ዕቃ ገና አልተለማመዱም። ውሃ ደፍቶ በላስቲክ መግፋት ያብጠዋል፤ እርጥብ ቄጠማ ከዋለበት በመጋጠሚያው በኩል ይሰርገዋል፤ ከከሰል ምድጃ የወደቀች ፍም ደግሞ የማይጠፋ ምልክት ትተዋለች። አንዲት የማውቃቸው እናት ቤታቸውን ሊሸጡ አስበው ሳሎኑን በላሚኔት አስነጠፉ። ቡናውን ግን አልተዉም። ከወለሉ የተረፈች አንዲት የሴራሚክ ቁራጭ ከበሩ ሥር አስቀምጠው፣ ምድጃቸውን በእርሷ ላይ ይጥዳሉ፤ ቄጠማውንም በሰሌን ላይ ይጎዘጉዛሉ።