የመስማት ችግር መነሻን የሚለዩ ምርመራዎች

የመስማት ችግር ያጋጠመውን ሰው በአግባቡ ለማከም የችግሩን መጠን ማወቅ ብቻ በቂ አይደለም። ጉዳቱ በየትኛው የጆሮ ክፍል ላይ እንደደረሰ መለየት ያስፈልጋል፤ ሕክምናው የሚወሰነው በዚሁ ነውና።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2021 ይፋ ባደረገው ሪፖርት እንዳመለከተው፣ የመስማት ችግራቸው ሕክምናና ድጋፍ የሚሻ ሰዎች ቁጥር በዓለም ዙሪያ ከ430 ሚሊዮን በላይ ነው።

ድምፅ በጆሮ ቀዳዳ ገብቶ ታምቡርን ያነዝራል። ንዝረቱ በመካከለኛው ጆሮ በሚገኙ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች በኩል ወደ ውስጣዊው ጆሮ ይደርሳል። በዚያ የሚገኙ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ መልእክት ይለውጡታል፤ መልእክቱንም የመስማት ነርቭ ወደ አንጎል ያደርሰዋል።

በውጫዊው ወይም በመካከለኛው ጆሮ ላይ የሚከሰት ችግር የድምፅን መተላለፊያ የሚያውክ ነው። የኩክ መከማቸት፣ የታምቡር መበሳትና ከታምቡር ጀርባ የሚጠራቀም ፈሳሽ ከመንስኤዎቹ መካከል ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ በመድኃኒት ወይም በቀዶ ሕክምና ሊስተካከሉ ይችላሉ። በእርጅና፣ በከፍተኛ ድምፅ፣ በማጅራት ገትር ወይም እንደ ጄንታማይሲን ባሉ መድኃኒቶች ሳቢያ በውስጣዊው ጆሮ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን በአብዛኛው ዘላቂ ነው። ለዚህም የመስሚያ መሣሪያ ወይም በቀዶ ሕክምና በውስጣዊው ጆሮ የሚተከል መሣሪያ ያግዛል።

ቀላሉ መለያ ዘዴ ሲመታ የሚርገበገብ ሹካ መሰል ብረት ነው። ጀርመናውያኑ ኤርንስት ቬበር እ.ኤ.አ በ1834፣ አዶልፍ ሪን ደግሞ በ1855 የገለጿቸው ሁለት ሙከራዎች ኤሌክትሪክ በሌለበት ጤና ጣቢያም ሊከናወኑ ይችላሉ። በቬበር ሙከራ ብረቱ በግንባር መሐል ይቀመጣል። የአንድ ጆሮ ችግር የመተላለፊያ ከሆነ ድምፁ ጎልቶ የሚሰማው በታመመው ጆሮ ሲሆን፣ የውስጣዊው ጆሮ ወይም የነርቭ ከሆነ በደህናው ነው። በሪን ሙከራ ከጆሮ ኋላ ባለው አጥንትና ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ለፊት የሚሰማው ድምፅ ይነጻጸራል።

ኦዲዮሜትር የተባለው መሣሪያ ይህንኑ ንጽጽር በአኃዝ ያስቀምጣል። ታካሚው ከ250 እስከ 8000 ኸርዝ ያሉ ድምፆችን በጆሮ ማዳመጫ፣ ቀጥሎም ከጆሮ ኋላ በሚቀመጥ ነዛሪ አማካይነት ያዳምጣል። በአጥንት በኩል ደህና እየሰማ በአየር በኩል ከቀነሰ ችግሩ የመተላለፊያ ነው። ሁለቱም እኩል ከቀነሱ ጉዳቱ በውስጣዊው ጆሮ ወይም በነርቭ ላይ ነው።

ቲምፓኖሜትሪ የተሰኘው ምርመራ የአየር ግፊትን በመለዋወጥ የታምቡርን እንቅስቃሴ ይለካል። መልስ መስጠት ለማይችሉ ሕፃናት ደግሞ እንግሊዛዊው ዴቪድ ኬምፕ እ.ኤ.አ በ1978 ይፋ ባደረጉት ግኝት ላይ የተመሠረተ ምርመራ አለ። ጤናማ ውስጣዊ ጆሮ ራሱ የሚያወጣውን ደካማ ድምፅ ይመዘግባል። ይህ ድምፅ እየተመዘገበ፣ በጭንቅላት ላይ በሚለጠፉ ሽቦዎች የሚለካው የነርቭ ምላሽ ከጠፋ ወይም ከተዛባ፣ ጥርጣሬው በነርቩ ላይ ያርፋል።

የትኛውም ምርመራ ብቻውን በቂ ባለመሆኑ ውጤቶቹ ተገናዝበው ይነበባሉ። በሦስት ቀናት ውስጥ በድንገት የመስማት አቅሙ የቀነሰ ሰው ኩክ ነው በሚል ግምት ጊዜ ሳያጠፋ በአስቸኳይ መመርመር ይኖርበታል። የውስጣዊው ጆሮ ወይም የነርቭ ጉዳት ከሆነ ሕክምናው ውጤታማ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው።