የጓሳ ሣርና የመንዝ የቄሮ ሥርዓት

የአገራችን የመሬት ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የሚታረሰው መሬት ነው። ርስቱም ሆነ ጉልቱ፥ ግብሩም ሆነ ሙግቱ በእርሻ ዙሪያ ይተረካል። ነገር ግን ሕዝብ ባለማረሱ የተጠቀመበት መሬትም የራሱ ታሪክ አለው፤ ለዚህም በሰሜን ሸዋ፥ በመንዝ ጌራ ምድር የሚገኘው የጓሳ ደጋ ምስክር ነው።

ይህ ስፍራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ ከፍታ ሲኖረው ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስሙን ያገኘው ከሚያበቅለው ሣር ነው። ጓሳ የዕፅዋት ሊቃውንት ፌስቱካ ከሚሉት ወገን ሲሆን፥ ከሥሩ ጥቅጥቅ ብሎ እየበቀለ ለብዙ ዓመት የሚኖር የአገር ሣር ነው። የበጋውን ድርቀትና የሌሊቱን ውርጭ ይችላል፤ ታጭዶም መልሶ ያቆጠቁጣል። የመንዝ ሰው ቤቱን የሚከድነው፥ ገመዱን የሚገምደው፥ ለዝናብ የሚለብሰውን ገሳ የሚሠራው በዚሁ ሣር ነበር። ዳሩ ግን እድገቱ ዝግ ያለ ስለሆነ፥ ታጭዶ እንደገና ለአጨዳ እስኪደርስ ዓመታት መጠበቅ ያሻል።

የቄሮን ሥርዓት የወለደው ይህ የሣሩ ጠባይ ነው ማለት ይቻላል። በቃል ሲወርድ የመጣው ታሪክ የሥርዓቱን መነሻ ወደ 17ኛው መቶ ዓመት ያደርሰዋል። አስቦና ጌራ ከተባሉት ሁለት አባቶች የተወለዱት ባለርስቶች አንዳንድ አለቃ ከየወገናቸው ይመርጡ ነበር። በአለቆቹም ትእዛዝ ጓሳ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋል፤ ጎልማሳውም በየተራ ይጠብቃል። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ወራት የመክፈቻው ቀን ይታወጃል። መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፥ ቀጥሎ ከብት ይሰማራበታል፤ ክረምት ሲገባም ስፍራው ተመልሶ ይዘጋል።

ሆኖም ሥርዓቱ ሁሉን በእኩል ዓይን የሚያይ አልነበረም። ከሁለቱ አባቶች ያልተወለደ ሰው የመጠቀም መብት አልነበረውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት ሲሽር ይህም አጥር ፈረሰ። ነገር ግን ከአጥሩ ጋር ጥበቃውም ስለላላ ሣሩ ሳይደርስ ይታጨድ፥ ከብትም ያለ ወቅቱ ይሰማራ ጀመር። ጉዳቱን የተመለከቱት የዙሪያው ገበሬዎች በኋላ በኮሚቴ ተደራጅተው፥ የመዝጋትንና የመክፈትን ልማድ ከትውልድ ቆጠራ ለይተው መለሱት። ዛሬም ጓሳ ማኅበረሰቡ የሚጠብቀው ስፍራ ሆኖ በሕግ ታውቋል።

ከዚህ የምንረዳው የቄሮ ኃይል በዘር ቆጠራው ብቻ ያልተመሠረተ መሆኑን ነው። ዘር ቆጠራው ሲቀር ያልቀረው፥ ሣሩ ስንት ዓመት እንደሚሻ የማወቅና በአንድነት የመታገሥ ልማድ ነው። የቀድሞውን ሥርዓት በዓይናቸው ያዩት ሰዎች ዛሬ በእርጅና ዘመን ላይ ስለሚገኙ፥ ቃላቸውን ጽፎ ማቆየት ለነገ የማይባል ሥራ ነው።