ከአንኮበር አፋፍ የሚወርደው ውሃ፤ ስለ ልኬቱ ታሪክ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ አንኮበር የሚጓዝ ሰው ከገደሉ አፋፍ ሲደርስ ምድር ከእግሩ ሥር ድንገት ያልቅበታል። ከኋላው ደጋው ተዘርግቶ ይቀራል፤ ከፊቱ ደግሞ ሰማዩ የጠራ እንደሆነ ቆላው እስከ አዋሽ ድረስ ይታየዋል። በዚህ ሸንተረር ላይ የሚዘንበው ዝናብ ዕጣው ሁለት ነው። ወደ ምዕራብ ያዘነበለው በበሬሳና በመሰሎቹ ወንዞች አድርጎ ጀማን፣ በጀማም ዐባይን ተከትሎ ወደ ሱዳንና ወደ ግብጽ ይወርዳል። ወደ ምሥራቅ የወረደው ግን አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽም ከባሕር ሳይደርስ በጂቡቲ ወሰን አጠገብ በአቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ከአንድ ደመና የወረደ ውሃ ግማሹ የሜዲትራኒያንን ጠረፍ ሲያስብ ግማሹ በጨው ምድር ላይ በፀሐይ ይተናል ማለት ነው።

የቀድሞ ነገሥታት ይህን አገር የመረጡት በውሃው አከፋፈል ምክንያት አልነበረም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ምዕተ ዓመት ደብረ ብርሃንን የቈረቈሩት በሰማይ ስለ ታየው ብርሃን እንደሆነ ይተረካል፤ አንኮበርም ለመከላከል የምትመች አምባ በመሆንዋ የሸዋ መናገሻ ሆናለች። በ1841 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን፣ ካልተገለጠ በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የእንግሊዝን መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስን በተቀበሉ ጊዜ መልእክተኛው ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ፣ አዋሽን ተሻግሮ ነበር ወደ አንኮበር የወጣው። እርሱና እርሱን የመሰሉ መንገደኞች ስለ ገበያው፣ ስለ ግብሩ፣ ስለ ተራራው ከፍታ ብዙ ጽፈዋል። ወንዙ ግን ለእነርሱ የመሻገሪያ ጭንቀት እንጂ ሌላ አልነበረም። አዋሽ በመጨረሻ ወዴት እንደሚገባ ለአውሮፓ ሊቃውንት የተረጋገጠው እንኳ አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1934 ዓ.ም. ወንዙን ተከትሎ አቤ ሐይቅ ከደረሰ በኋላ ነው። ለአፋሮች ነገሩ አዲስ እንዳልነበረ መናገር አያሻም።

መንገደኛ ያልፋል። ወንዝ በክረምት ምን ያህል እንደሚሞላ፣ በበጋ ምን ያህል እንደሚተርፈው ለማወቅ ግን ማለፍ ሳይሆን መቀመጥ ያስፈልጋል፤ ያውም ለብዙ ዓመት። ሃይድሮሎጂ የሚባለው የውሃ ትምህርት ከሌላው ትምህርት የሚለየው በዚህ ነው። በአንድ ክረምት የተገኘ ቍጥር ምስክርነቱ እንደ አንድ ሰው ምስክርነት ነው።

በሰሜን ሸዋ ይህን መቀመጥ የጀመሩት በ1966 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር በወሎ ከደረሰው ረኃብ በኋላ የአፈር መታጠብ ጉዳይ አሳሳቢ ሆኖ ሳለ ነው። ሃንስ ሁርኒ የተባሉት የስዊዝ የጂኦግራፊ ሊቅ አስቀድሞ በስሜን ተራሮች ሠርተው አገሩን ለምደው ነበር። በ1981 ዓ.ም. የእርሻ ሚኒስቴርና የበርን ዩኒቨርሲቲ በአንድነት የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክትን ሲያቋቁሙ ምርምሩን እርሳቸው መሩ። በማግሥቱ ዓመት ከምርምር ጣቢያዎቹ አንዱ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ አጠገብ በአንዲት ጥድ ተተከለ። የመረጡት ተፋሰስ ሁለት ወንዝ ይባላል፤ ስፋቱ 477 ሄክታር ያህል፣ ከፍታውም ከ3000 ሜትር በላይ ሆኖ ውሃው ወደ ዐባይ የሚሄድ ነው።

ሥራው ለተመልካች የሚያስደንቅ አልነበረም። የዝናብ መለኪያ በየቀኑ ይነበባል፤ በወንዙ መውጫ የቆመው መለኪያ የውሃውን ከፍታ ያመለክታል። ጎርፉ ደፍርሶ በመጣ ጊዜ ደግሞ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ተመልካቹ ወርዶ በየአሥር ደቂቃው አንድ ሊትር ውሃ ይቀዳል፤ ያም ተጣርቶ ደለሉ ይመዘናል። ሌሎች ሰዎች በዚህ መዝገብ የዶክተርነት ማዕርግ አግኝተውበታል። በብርድና በጭቃ ወደ ወንዝ የወረደው የአካባቢው ሰው ግን ስሙ በመጻሕፍቱ ሽፋን ላይ አይገኝም፤ ይህ ለእኔ የታሪካችን ጕድለት ነው።

ከዚህ ምን ተገኘ? ሁርኒ ከየጣቢያዎቹ በተሰበሰበው ላይ ተመሥርተው በ1993 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የእርሻ መሬት ላይ በየዓመቱ ከአንድ ሄክታር በአማካይ 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገመቱ። ከዚያም የሚልቅ ነገር መጣ። ብዙዎች ጎርፍን የሚያመጣው የዝናቡ ብርታት ነው ብለው ያምኑ ነበር። ከአሜሪካው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች ባልደረቦቻቸውን ይዘው የአንዲት ጥድን፣ የጎጃሙን የአንጀኒንና የወሎውን የማይባርን መዝገብ አመሳክረው በ2008 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ክረምቱ እንደገባ ደረቁ ምድር ውሃውን ይጠጣል። በትነት የሚጠፋው ተቀንሶ 500 ሚሊሜትር ያህል ከዘነበ በኋላ ግን ምድሩ ስለሚጠግብ፣ ከዚያ ወዲያ ከሚተርፈው ዝናብ ግማሽ ያህሉ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ጎርፉም የሚነሣው ከተራራው ሁሉ እኩል ሳይሆን ከረግረጉ፣ ከግርጌውና አፈሩ ተሟጦ ካለቀበት ቦታ ነው። ለገበሬው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እርከን በሁሉም ስፍራ በአንድ ልክ ይሠራ የሚለውን ትእዛዝ መልሶ ያስመረምራል። በጠገበ መሬት ላይ ማፋሰሻ የሌለው እርከን ውሃውን አቍሮ እህሉን ያበሰብሰዋልና።

የታጠበውም አፈር የሚደርስበት ስፍራ አለው። የግብጽን የዴልታ ምድር ከዘመን ዘመን ያከማቸው ከእኛ ደጋ የወረደው ደለል ነው። በ1970 ዓ.ም. የአስዋን ታላቁ ግድብ ሥራ ካለቀ በኋላ ደለሉ በግድቡ ሐይቅ ስለ ቀረ፣ በራሺድ አጠገብ ያለው ጠረፍ በባሕሩ እየተበላ ሄዷል። እዚህ የሚታጣው አፈር እዚያም አልደረሰም።

የአንዲት ጥድ መዝገብ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2011 ዓ.ም. የተቋቋመው የውሃና የመሬት ሀብት ማዕከል ከተረከባቸው መዝገቦች አንዱ ነው። የሁለት ወንዝ ውሃም ጀማንና ዐባይን ይዞ ሲወርድ ከጠረፍ አገር ቀድሞ የሚያርፈው በእኛ አቈጣጠር ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የህዳሴ ግድብ ሐይቅ ውስጥ ነው፤ የያዘውም ደለል አብሮት ይገባል።