«እንደ» የምትባለው ቃል በትምህርት ቤት

አንዱን ነገር በሌላው መስሎ መናገር በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ በቅኔ ቤት ሲሰጥ የኖረ ትምህርት ነው። ደቀ መዝሙሩ ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ቅኔ ሲቈጥር፥ ሰሙን ከወርቁ እንዲለይ፥ ሁለቱ የሚገናኙበትንም ምክንያት እንዲያውቅ በመምህሩ ፊት ይፈተናል። ሰሙ ያልታወቀ እንደ ሆነ ወርቁ አይገኝምና። ነገር ግን ይህ ጥበብ ዳዊት ለደገመ ተማሪ እንጂ ፊደል ለሚቈጥር ሕፃን የተሰናዳ አልነበረም።

በ1917 ዓ.ም. እንደ ተከፈተው እንደ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ባሉት አዳዲስ ትምህርት ቤቶች የውጭ አገር ቋንቋ ከፍ ያለ ስፍራ ተሰጠው። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላም እንግሊዝኛ ዋና የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ። በእንግሊዝኛ የተለመደው «እንደ በረዶ የነጣ» የሚለው ንጽጽር ለኢትዮጵያ ሕፃን ሲነገረው ምን ያስባል? እርሱ የሚያውቀው በረዶ እህል የሚመታ ጠጠር ነውና፥ ንጣቱን ትቶ ጥፋቱን ያስባል። ቃሉን አወቀ፤ ምሳሌው ግን አመለጠው።

በ1956 ዓ.ም. አማርኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን ይህ ችግር በከፊል ቀለለ፤ ፈጽሞ ግን አልጠፋም። «እንደ» የሚለው ቃል ባለበት ሁሉ ተነጻጻሪ ዘይቤ አለ ማለት አይደለምና። «እንደ መጣ ተኛ» ሲባል ጊዜን ያመለክታል። «ልጁ እንደ አባቱ ረጅም ነው» ሲባል ሰው ከሰው ጋር በቁመት ተለካ እንጂ ዘይቤ የለበትም። «ልጁ እንደ ዝግባ ረጅም ነው» ሲባል ግን ሰው በዛፍ ተመሰለ። ደግሞም «መሰለ» እና «ያህል» የሚሉት ቃላት ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። ስለዚህ ተማሪው ቃሉን ብቻ እንዲያድን ሳይሆን፥ ምን ተመሰለ? በምን ተመሰለ? የሚመሳሰሉትስ በምን ጠባይ ነው? ብሎ እንዲጠይቅ ማልመድ ይገባል።

ምሳሌም ያረጃል። ኮሶ በየቤቱ ይጠጣ በነበረበት ዘመን «እንደ ኮሶ መረረው» የሚለው ንግግር ትርጓሜ አላስፈለገውም፤ በዘመናዊ መድኃኒት ላደገ ልጅ ግን ባዶ ድምፅ ነው። አገርም ምሳሌን ይለውጣል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በየብሔረሰቡ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲደነግግ፥ የሶማሌ አርብቶ አደር ልጅ ግመሉን፥ ደገኛው ዝግባውን ይዞ ወደ ድርሰቱ የሚገባበት በር ተከፈተ።

እንግዲህ የመምህሩ ተግባር ከቅኔው መምህር ተግባር እጅግ የራቀ አይደለም። አስቀድሞ ሰሙን ማሳየት፥ ማስዳሰስ፥ ቢቻልም ማስቀመስ ነው። ዝግባን አይቶ የማያውቅ ሕፃን የልጁን ቁመት በዝግባ እንዲገምት መጠየቅ፥ ያላበደሩትን ገንዘብ ክፈል እንደ ማለት ነው።